ጤና አዳሙ፣ ጓሮውና ሣሩ ከብርዱ በፊት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በዋሽንግተን፣ በሜሪላንድና በሰሜን ቨርጂኒያ በሐበሻ ቤቶች በረንዳና ጓሮ የሚበቅለው ተክል አብዛኛው ዘሩ የመጣው የብርድ ወቅት ከማይከብድበት አገር ነው። እዚህ ከመስቀል በኋላ ነገሩ በፍጥነት ይለወጣል። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች በየዓመቱ በዚሁ ሰሞን የሚነሱ ናቸው። ቀኖቹ ለዚህ አካባቢ የተሰሉ ስለሆኑ ሚኒያፖሊስ ወይም ዴንቨር ያለ አንባቢ የመጸዎቹን ቢያንስ በሦስት ሳምንት ያስቀድማቸው፣ የጸደዩን ደግሞ ያዘግየው።

ዕፅዋቴን መቼ ነው ወደ ቤት ማስገባት ያለብኝ?

ውርጭ እስኪጥል አትጠብቁ። ሎሚ፣ ቡና፣ ኮሰረትና አብዛኞቹ የሳሎን ዕፅዋት የሚጎዱት ውሃ በረዶ ከሚሆንበት ቅዝቃዜ ብዙ ቀደም ብሎ፣ የሌሊቱ ሙቀት ከ50 ዲግሪ ፋራናይት (10 ሴንቲግሬድ) ዝቅ ማለት ሲጀምር ነው። ጉዳቱ በማግስቱ ላይታይ ይችላል። ቅጠሉ ከቀናት በኋላ ጠቆር ጠቆር ብሎ ይረግፋል፤ ባለቤቱም የቤቱን ሙቀት ወይም ውሃውን ይወቅሳል።

ለማስታወስ የሚቀለው ቀን መስቀል ነው። ደመራ በሚለኮስበት ሰሞን (ሴፕቴምበር 26 እና 27) ማሰሮዎቹን ማጽዳትና ማስገባት ብትጀምሩ አትቸኩሉም፣ አትዘገዩምም። ሌላም ጥቅም አለው፤ የቤቱ ማሞቂያ ገና ስላልበራ ተክሉ ከውጭው አየር ወደ ቤቱ አየር ሲገባ ልዩነቱ አይከብደውም።

የመጀመሪያው ውርጭ በፖቶማክ ዳር ባለው የከተማው ክፍል በአማካይ እስከ ኖቬምበር አጋማሽ ይዘገያል። ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ አካባቢ ግን ብዙ ጊዜ ኦክቶበር ሳያልቅ ይደርሳል። በሃያ ምናምን ማይል ርቀት የሳምንታት ልዩነት አለና ከተማ ውስጥ የሚኖር ዘመድ «እኔ ገና አላስገባሁም» ስላላችሁ አትዘናጉ። አንድ ርካሽ ቴርሞሜትር በረንዳው ላይ ብትሰቅሉ ከማንም ምክር ይበልጣል።

ከማስገባቴ በፊት ማሰሮውን ምን ላድርገው?

ይህ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው፤ የሚዘለልም አይደለም። በጋውን ውጭ የቆየ ተክል ክሽክሽ፣ ነጭ ዝንብና ጥጥ የመሰለ ነጭ ተባይ ይዞ ይገባል። ውጭ እያለ ጥንዚዛና ዝናብ ቁጥራቸውን ይቀንሱት ነበር፤ ቤት ውስጥ ግን የሚበላቸው የለም፣ በሦስት ሳምንት ቤቱን ይሞሉታል።

ቅጠሉን ገልብጣችሁ ጀርባውን እዩ። ተባዩ የሚሸሸገው እዚያ፣ በተለይ ቅጠሉ ከግንዱ በሚጋጠምበት ጉድጓድ ነው። ጣታችሁን ስታሳርፉ የሚያጣብቅ ከሆነ ክሽክሽ ወይም ግንድ ላይ የሚለጠፍ ቅርፊታም ተባይ አለበት። ተክሉን በውሃ ጎማ ከላይም ከታችም አጥባችሁ፣ ለተባይ ተብሎ የተሠራውን ሳሙና በቅጠሉ ጀርባ እርጩ። ማሰሮውን አንስታችሁ ታቹን ጥረጉ፣ ጉንዳንና ቀንድ አውጣ ካለ እዚያው ይቅር። ከገባ በኋላም ለሁለት ሳምንት ከሌሎቹ ለይታችሁ አንድ ክፍል አስቀምጡት። ማሰሮ መቀየርና ማዳበሪያ መስጠት ለጸደይ ይቆይ፤ ተክሉ አሁን እንዲያርፍ እንጂ እንዲያድግ አይፈለግም።

ጤና አዳሜ ውጭ ይክረም ወይስ ላስገባው?

መሬት ላይ የተተከለና የበረታ ከሆነ፣ በደቡብ ግድግዳ ሥር ውሃ በማይቋጥር አፈር ላይ ካለ፣ በአብዛኛው ዓመት ውጭ ይከርማል። እኛ የምናውቀው የሐበሻ ጤና አዳም በችግኝ መሸጫ ከሚገኘው የአውሮፓ ዝርያ ይልቅ ለብርድ ስስ ነው፤ ሁለቱ በመልክ ስለሚመሳሰሉ ብዙ ሰው የያዘውን አያውቅም። የሐበሻው ሲያብብ የአበባው ጠርዝ ጸጉር የመሰለ ዘርዘር አለው። የአውሮፓው አበባ ጠርዝ ግን እንዲህ ያለ ረጅም ዘርዘር የለውም።

ጤና አዳም ከብርዱ ይልቅ የሚገድለው ረግረግ አፈር ነው። ሥሩ ሥር ደረቅ ቅጠል ጎዝጉዙ፣ ግንዱን ግን አትንኩት፤ ግንዱ ላይ የተከመረ ጉዝጓዝ ያበሰብሰዋል። በመጸው አትግረዙት፤ የደረቀውን የምታነሱት አዲስ ቡቃያ ሲታይ፣ በኤፕሪል ነው። ማሰሮ ውስጥ ያለውን ግን አስገቡት፤ በማሰሮ ያለ ሥር ከዙሪያው ሁሉ ስለሚበርደው መሬት ላይ ካለው በቀላሉ ይሞታል።

ዋስትና የሚፈልግ ሰው በሴፕቴምበር አንድ ስንዝር የሚያህሉ ቁራጮች ወስዶ፣ የታችኛውን ቅጠል አራግፎ፣ አሸዋ በበዛበት አፈር ይትከል። ስትቆርጡ ጓንት አድርጉ። የጤና አዳም ፈሳሽ ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲመታው እንደ ቃጠሎ የሚያቆስል ነገር አለው፤ ሕፃናትም በእጃቸው ባያሹት ይሻላል።

ጌሾ፣ ኮሰረትና ጠጅ ሣርስ?

ጌሾ የደጋ ሰው ነው፤ ቀላል ውርጭ አይበግረውም። ማሰሮ ውስጥ ካለ ግን መስኮት ያለው የማይሞቅ ጋራዥ ወይም ቀዝቃዛ ምድር ቤት ይበቃዋል፤ ውሃውም አፈሩ እንዳይሰነጠቅ ያህል ብቻ። ሞቃት ሳሎን ውስጥ መክረም አይወድም፣ ቅጠሉን ያራግፋል።

ኮሰረት ውርጭን ጨርሶ አይችልም። ቁመቱን ወደ ግማሽ ገርዛችሁ (የተገረዘው ደርቆ ለቅቤ ማንጠሪያ ይሁን) ፀሐይ በሚያገኝ መስኮት አኑሩት። ጠጅ ሣር ደግሞ መሬት ላይ ካለ ከነሥሩ ተነቅሎ፣ ከመካከሉ ጥቂት ዘለላ ተለይቶ፣ ቅጠሉ አንድ ስንዝር እስኪቀር ተቆርጦ በትንሽ ማሰሮ ይገባል። ሙሉውን ቁጥቋጦ ማዳን አያስፈልግም፤ በጸደይ ከሦስት ዘለላ ተነሥቶ ጓሮውን ይሞላል።

ለጌጥ የገዛሁት ቀይ እንሰት ይተርፋል?

ይተርፋል፤ ግን ውጭ አይደለም። በአሜሪካ ችግኝ መሸጫዎች ቅጠሉ የወይን ጠጅ ቀለም ያለው እንሰት በበጋ ለጌጥ ይሸጣል፤ ብዙ አሜሪካዊ የሙዝ ዘመድ መሆኑን እንጂ በደቡብ ኢትዮጵያ የሚሊዮኖች ቀለብ መሆኑን አያውቅም። እሱን ጓሮው ውስጥ ያየ ጉራጌ ወይም ሲዳማ በበረዶ ሲበሰብስ እያየ ዝም ሊል አይችልም።

ቀላል ውርጭ ቅጠሉን ካረገበው በኋላ ወይም ሊጥል ሲል ቆፍራችሁ አውጡት። ውጫዊ ቅጠሎቹን ቆርጣችሁ መካከለኛውን ጥቅልል ቅጠል ተዉ። ከዚያ ለጥቂት ቀናት ዘቅዝቃችሁ አቁሙት፤ በቅጠሎቹ መሠረት የተቋጠረው ውሃ ካልወረደ በምድር ቤት ውስጥ ከልቡ ጀምሮ ይበሰብሳል። ውሃው ሲያልቅ ሥሩን በጋዜጣ ወይም በደረቅ ጆንያ ጠቅልላችሁ ከ45 እስከ 50 ዲግሪ ፋራናይት በሆነ ጨለማ ቦታ አኑሩት፣ ውሃ አትስጡት። በየወሩ በጣታችሁ እየተጫናችሁ ፈትሹ፤ የለሰለሰ ክፍል ካለ በንጹሕ ቢላ ይነሣ። እንደ ሙዝ በራሱ ቡቃያ ስለማያወጣ ይህ ግንድ ከሞተ ከሥሩ የሚተካው የለም።

ሎሚዬ ከገባ በኋላ ቅጠሉን አራገፈ። ሞተ ማለት ነው?

በአብዛኛው አልሞተም። ቅርንጫፉን በጥፍራችሁ ጫር አድርጉ፤ ከቅርፊቱ ሥር አረንጓዴ ከሆነ ሕይወት አለው።

አዲስ አበባ ላይ የዓመቱ አጭር ቀን እንኳ ከ11 ሰዓት ተኩል የማያንስ ብርሃን አለው። ዋሽንግተን ላይ በዲሴምበር መጨረሻ የቀኑ ርዝመት ወደ 9 ሰዓት ተኩል ይወርዳል፤ በመስኮት መስታወት በኩል የሚገባው ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። ተክሉ የማይቀልበውን ቅጠል ይጥላል። ሎሚ ላይ ሌላ ምክንያት ይጨመራል፤ ቀዝቃዛ ወለል ላይ የተቀመጠ ማሰሮ ሥሩን ሲያደነዝዘው፣ የመስኮቱ ፀሐይ ደግሞ ቅጠሉን ሲያሞቀው፣ ሥሩ ለቅጠሉ ውሃ ማድረስ ያቅተዋል። ማሰሮውን ከወለሉ በጣውላ ወይም በትንሽ ወንበር ከፍ አድርጉት፣ ወደ ደቡብ መስኮት አስጠጉት፣ ከማሞቂያው አየር ማውጫ ግን አርቁት።

አፓርታማችሁ የደቡብ መስኮት ከሌለው ለዕፅዋት የተሠራ መብራት ግዙ። ከተክሉ ጫፍ አንድ ክንድ ባልሞላ ርቀት ላይ ሆኖ በቀን ከ12 እስከ 14 ሰዓት ይብራ፣ ሌሊት ይጥፋ። ብዙ ወጪ የለውም፤ ለቡናና ለሎሚ ከማዳበሪያ ሁሉ የሚበልጥ ውለታ ነው።

በብርዱ ወራት በየስንት ቀኑ ላጠጣ?

በቀን አትቁጠሩ። የቤት ውስጥ ዕፅዋት በብርድ ወቅት የሚሞቱት ከማንኛውም ነገር በላይ በውሃ ብዛት ነው፤ የሚሞቱትም በሚወዷቸው ሰዎች እጅ ነው። እናቶቻችን ቅጠሉ ሲጠወልግ «ጠምቶት ነው» ብለው ይጨምራሉ፤ ሥሩ ከበሰበሰም ተክሉ ልክ እንደዚያው ይጠወልጋል።

ጣታችሁን እስከ መጀመሪያው አንጓ አፈሩ ውስጥ አስገቡ። እርጥበት ከተሰማችሁ ተዉት። ደርቆ ከሆነ ከታች በቀዳዳው እስኪወጣ ድረስ ለብ ባለ ውሃ አጠጡ፣ ሳህኑ ላይ የተጠራቀመውን ድፉ። በበጋ በየሁለት ቀኑ ይጠጣ የነበረ ማሰሮ በጃንዋሪ አሥር ቀንና ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል። በአፈሩ ላይ ጥቃቅን ጥቁር ዝንቦች ቢያንዣብቡ መድኃኒት ከመግዛታችሁ በፊት ውሃውን ቀንሱ፤ እጮቻቸው የሚያድጉት ሁልጊዜ በሚርስ የላይኛው አፈር ውስጥ ነው። ከዚህ በተቃራኒ ስስ ድር ቅጠሉ ላይ ካያችሁ ቀይ ሸረሪት የሚባለው ተባይ ነው፤ እርሱ የሚወደው የማሞቂያውን ደረቅ አየር ስለሆነ ተክሉን መታጠቢያ ክፍል አስገብታችሁ ቅጠሉን በየሳምንቱ እጠቡት።

ጎመን፣ ቃሪያና በሶብላ ጓሮ ውስጥ አሉኝ። ሁሉንም ልሰብስብ?

በሶብላን አዎ፣ ቶሎ። ከውርጭ በፊት በቀዝቃዛ ሌሊት ብቻ ይጠቁራል። የበርበሬው በሶብላ የሚፈለገው ከነአበባው ስለሆነ ግንዱን ቆርጣችሁ ዘቅዝቃችሁ አየር በሚገባው ጥላ ስቀሉት፤ ዘሩን ለከርሞ ለዩ።

ቃሪያ የአንድ ዓመት ተክል የሚመስለን ውርጭ ስለሚገድለው እንጂ ተፈጥሮው ረጅም ዕድሜ ነው። ደህና ፍሬ የሰጣችሁን አንዱን ግንዱን አንድ ስንዝር አስቀርታችሁ ገርዙ፣ ሥሩን አጥባችሁ በትንሽ ማሰሮ ተክላችሁ ቀዝቀዝ ባለ ክፍል አቆዩት። በጸደይ ከዘር ከተነሣው ይቀድማል።

ጎመንን ግን አትንቀሉት። በተለይ እዚህ ኮላርድ የሚባለው ጎመን ውርጭ ሲነካው ስኳር ያከማቻልና ይጣፍጣል፤ የዲሴምበር ጎመን የኦገስቱን አያስመኝም። በመደቡ ላይ በሽቦ ቅስት አቁማችሁ ለብርድ መከላከያ የሚሸጠውን ስስ ነጭ ጨርቅ ብታለብሱት በብዙ ዓመት እስከ ጸደይ ትቀነጥሱታላችሁ። የሐበሻ ጎመን ስስ ነው፣ ከባድ ውርጭ ሲደጋገምበት ይረታል፤ እርሱን ከታኅሣሥ በፊት ቀንጥሳችሁ ፈላ ባለ ውሃ አገላብጣችሁ በፍሪዘር አስቀምጡ።

አሁን የሚተከል ነገር አለ?

ነጭ ሽንኩርት! ከኦክቶበር አጋማሽ እስከ ኖቬምበር አጋማሽ ድረስ ይተከላል፣ ብርዱን መሬት ውስጥ ያሳልፋል፣ በጁን ወይም በጁላይ መጀመሪያ ይነሣል። ብርዱ ለእርሱ አስፈላጊ ነው፤ ካልበረደው ራሱ ወደ ፍሬ አይከፋፈልም። ትልልቁን ፍሬ መርጣችሁ፣ ሾጣጣውን ወደ ላይ አድርጋችሁ፣ ሁለት ኢንች ያህል ጥልቀት ቅበሩና በቅጠል ወይም በጭድ ጎዝጉዙ።

የረገፈውን ቅጠል ልጥረግ፣ ላቃጥል ወይስ ልተወው?

አታቃጥሉ። ኅዳር ሲታጠን የቆሻሻ ማቃጠል ልማድ ይዘን የመጣን ነን፤ እዚህ ግን ክፍት ቦታ ላይ ቅጠል ማቃጠል በከተማውና በዙሪያው ወይ ክልክል ነው ወይ ያለ ፈቃድ አይቻልም። ደግሞም ቅጠሉ ሀብት ነው። ሣሩ ላይ ስስ ሆኖ ከረገፈ የሣር ማጨጃውን ደጋግማችሁ አሳልፉበት፤ የተፈጨው ቅጠል ወደ አፈሩ ይወርዳል። ወፍራም ሆኖ ሣሩን ከሸፈነው ግን ሰብስባችሁ ወደ አትክልት መደቡ አዙሩት፤ ሣር ብርሃን ሲያጣ ይሞታል፣ በተለይ በዚህ መጸው የተዘራ ቡቃያ።

ዛፎቹ ሲራቆቱ ግንዶቹንም ተመልከቱ። የደረቀ ጭቃ የተለቀለቀ የሚመስል ግራጫ ልጣፍ ካያችሁ የነጠብጣባማው የፋኖስ ዝንብ እንቁላል ሊሆን ይችላል። ይህ ከእስያ የመጣ ተባይ በ2014 ፔንሲልቫኒያ ውስጥ ታይቶ ወደ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ተዛምቷል፤ አንዱ ልጣፍ ከ30 እስከ 50 እንቁላል ይይዛል። በአሮጌ የባንክ ካርድ ፋቁት፣ አልኮል ያለበት ፌስታል ውስጥ ጨምራችሁ እሰሩት። አጥርና የግቢ ወንበር ሥርም ይለጠፋል።

ሣሩ ተራቁቷል። አሁን ልዝራ?

እዚህ አካባቢ ግቢዎች በብዛት የያዙት ቀዝቃዛ ወቅት የሚስማማው ፌስኩ ሣር ነው። የመዝሪያው ጊዜ ከኦገስት መጨረሻ እስከ ኦክቶበር አጋማሽ ድረስ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ቡቃያው ሥር ሳይሰድ ብርዱ ይደርስበታል። ከዘገያችሁ ቅጠሉን አጽዱና ለከርሞ እንቁጣጣሽ ሰሞን ቀን ቁረጡ። ለዓመት በዓሉ ከራሳችሁ ግቢ አጭዳችሁ የምትጎዘጉዙ ከሆነ የአረም መድኃኒት የተረጨበት እንዳይሆን ተጠንቀቁ። ለብርዱ ብላችሁ ሣሩን አትላጩት፤ እስከ መጨረሻው እጨዳ ድረስ ከሦስት ኢንች በታች አታውርዱት።

ሣሩ ለክረምቱ ማዳበሪያ ያስፈልገዋል?

በሴፕቴምበርና በኦክቶበር ከተሰጠ ይጠቅመዋል። ሜሪላንድ ውስጥ ግን ከኖቬምበር 15 እስከ ማርች 1 ድረስ ለሣር ማዳበሪያ መስጠት በሕግ የተከለከለ ነው፤ ሕጉ በ2011 ወጥቶ በኦክቶበር 2013 ሥራ ላይ ዋለ። ኖቬምበር 15 ኅዳር 6፣ ቁስቋም ናት፤ ቀኑን በዚያ ያዙት። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የተኛ ሣር ያልበላው ናይትሮጅን በዝናብ ታጥቦ ወንዝ ይገባል፣ ከወንዙ ወደ ቼሳፒክ የባሕር ወሽመጥ ወርዶ ውሃውን ኦክስጅን ያሳጣዋል። መንገድ ላይ የፈሰሰ የማዳበሪያ ፍሬ ካለ ጠርጋችሁ ወደ ሣሩ መልሱት። ቨርጂኒያና ዲሲ የየራሳቸው ደንብ አላቸው፤ ውሃው ግን የሚወርደው ወደዚያው ወሽመጥ ነው።

የውጭውን ቧንቧ ምን ላድርገው?

ጎማውን ፍቱ፣ ቤት ውስጥ ያለውን መዝጊያ ዝጉ፣ ከዚያ የውጩን ከፍታችሁ የቀረው ውሃ ይውጣና ክፍት ይቆይ። ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ በ9 በመቶ ያህል ይጨምርና ቧንቧ ይሰነጥቃል፤ ጉዳቱ የሚታወቀው በጸደይ ግድግዳው ሲርስ ነው።

መንገዱ ላይ የምበትነው ጨው ተክል ይጎዳል?

ይጎዳል፤ ሣሩን ያቃጥላል፣ የአጥር ቁጥቋጦውንም። በረዶውን ቀድማችሁ በአካፋ ጥረጉ፣ እንዳያንሸራትት ያህል አሸዋ በትኑ፣ ጨው የግድ ሲሆን ብቻ በጥቂቱ።

ግራ ሲገባኝ ማንን ልጠይቅ?

የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ኤክስቴንሽን የቤትና የጓሮ መረጃ ማዕከል፣ በቨርጂኒያ በኩል ደግሞ የቨርጂኒያ ኅብረት ሥራ ኤክስቴንሽን አለ። የታመመውን ቅጠል ፎቶ አንስታችሁ ብትልኩ የሠለጠኑ ሰዎች ያለ ክፍያ ይመልሱላችኋል። ስለ ጌሾና ስለ ኮሰረት ላያውቁ ይችላሉ፤ ተባዩንና አፈሩን ግን ጠንቅቀው ያውቃሉ።

ተክሎቹን መልሼ የማወጣው መቼ ነው?

በማርች አንድ ሳምንት ሞቅ ሲል ልባችሁ ይቸኩላል። አትመኑት፤ ኤፕሪል መጨረሻ ድረስ ውርጭ የሚመለስባቸው ዓመታት አሉ። ልደታን፣ ግንቦት 1ን (ሜይ 9) ጠብቁ። ያኔም በመጀመሪያው ሳምንት ጥላ ሥር፣ ነፋስ በማይመታው ቦታ አሳርፏቸው፤ ሰባት ወር በመስታወት ጀርባ የኖረ ቅጠል በአንድ ቀን ፀሐይ ነጭ ሆኖ ይቃጠላል። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ወደ ፀሐይ እያስጠጋችሁ፣ ማዳበሪያውንም ውሃውንም ቀስ በቀስ ጨምሩ።